አርባ ከአርባ

ገምጋሚዋ ቪዲዮውን ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ኋላ መለሰችው። አልተሳሳተችም። ሽማግሌው ሐኪም ከታካሚዋ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ "ልጅ አለዎት?" ብለው ጠየቁ። ሴትዮዋ ልጇ እንደሞተባት ከነገረቻቸው ገና ሩብ ሰዓት አልሞላም።

ወይ ጉድ! ሴትዮዋ ፊቷ ጠቆረ፤ "ሞተብኝ" አለች፣ እንደ አዲስ። እሳቸውም እንደ አዲስ ደነገጡ።

"ይህን ሲናገሩ ምን ይሰማዎታል? አሁን፣ እዚህ?"

ጣጣው ይሄ ነው። የገምጋሚዋ ሥራ ሐኪሞቹ ጌስታልት የተባለውን የሥነ ልቦና ሕክምና እንደ ደንቡ መስጠት አለመስጠታቸውን ከአርባ ነጥብ መመዘን ነው። ደንቡ ደግሞ ሐኪሙ ታካሚው አሁን በሚሰማው ነገር ላይ እንዲቆይ ያዛል። የሰማውን ወዲያው ለሚረሳ ሰው ይሄ ምን ይከብዳል? ሽማግሌው ሐኪም፣ እሷ ጋሼ የምትላቸው፣ አንድም ነገር አላጎደሉም። ያንኑ ቪዲዮ ለብቻው የሚመዝነው ሌላኛው ገምጋሚ አርባ ከአርባ ሰጥቶ ጨርሷል፤ እሷም ያየችውን ብቻ ከደመረች ያው አርባ ነው።

ብድግ ብላ አስተባባሪው ቢሮ ገባች።

"ጋሼ እየረሱ ነው። ሴትዮዋን የልጇን ሞት ሁለቴ አስነገሯት።"

"ቅጹ ላይ ስለ መርሳት የሚጠይቅ ቦታ አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ እኔን ምን አድርግ ነው የምትይኝ? ሰውዬው ከሁሉም አንደኛ ናቸው። ያንቺ ነጥብ ከገባ ከሰኞ ጀምሮ አዲሶቹን ሐኪሞች ያሠለጥናሉ፣ ታካሚም ይጨመርላቸዋል።"

"ነጥባችን ባይገጥምስ?"

"ሦስተኛ ሰው እስኪያየው ሁለት ሳምንት ሁሉም ነገር ይቆማል። የተሳሳተው ገምጋሚ ይሰናበታል። አዲስ ነሽ እንዴ? በይ አሁን ነገር አታብዢብኝ።"

ሥራውን ሀ ብለው ያስተማሯት ጋሼ ናቸው። ክፍላቸው ገባች።

"ጋሼ፣ ቪዲዮውን አየሁት።"

ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አዩ።

"ማስታወሻ እይዛለሁ እኮ፣ ልጄ" አሉ። "ከዚያ ማስታወሻውን የት እንዳደረግኩት ይጠፋኛል።" ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። "እቤት ቁጭ ካልኩ አበቃልኝ። አታጋልጪኝ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብቻ።"

"ሴትዮዋስ?"

"የትኛዋ ሴትዮ?"

"ምንም አይደል፣ ጋሼ" ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ኮሪደሩ ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ አራት ሰዎች ተቀምጠዋል። ቀና ብላ ልታያቸው አልደፈረችም።

ጠረጴዛዋ ጋ ተመልሳ ቅጹን ሳበችው። የሚሆነውን ታውቀዋለች። ሦስተኛው ገምጋሚ እንደ ደንቡ አይቶ አርባ ይሰጣል፤ እሷ ትባረራለች፤ ጋሼም ማሠልጠናቸው አይቀርም። ብታዘገየው ለሁለት ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲያ ምንም ተስፋ አልታያትም። በሥራ ዘመኗ ደግሞ ያላየችውን አየሁ፣ ያየችውን አላየሁም ብላ አታውቅም።

የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበችው፦ "ሐኪሙ ታካሚው አሁን የሚሰማውን ይጠይቃል?" ጋሼ ሰባት ጊዜ ጠይቀዋል፤ ቆጥራለች።

ዜሮ ጻፈች። ከሥሩ ባሉት ዘጠኝ ጥያቄዎችም አንድ በአንድ ዜሮ ሞላችና ፈረመች።