የድንኳኑ ችካልና ጠርሙሱ

«ለመካነ ሰላም ጭቁን ሕዝብ በሙሉ» አሉ የእድሩ ዳኛ አቶ ላቀው፣ በለቅሶው ድንኳን መሐል ቆመው። አብዮቱ ከፈነዳ ወዲህ ያለ «ጭቁን» አፋቸውን አይከፍቱም። «የእድራችን ንብረት የሆነ የብረት ችካል ከቦታው ታጥቷል። የወሰደው አድኃሪ ነው። ችካሉ በአስቸኳይ እንዲመለስ እናሳስባለን።»

«በእግሩ ይመጣል እንዴ፣ ጋሼ?» አለች አንዲት ሴት። ለቀስተኛው አፉን በነጠላ ሸፈነ።

ክንፈ አልሳቀም። ችካሉ በጋቢው ሥር ጭኑ ላይ ተጋድሟል። የሚጠብቀው የጤና ጣቢያውን ድሬሰር በላይን ነው፤ መጥቶ እስኪቀመጥ፣ ባርኔጣውን እስኪያወልቅ።

ወንድሙ አድማሴ ያን ክፉ ረሃብ በሳማ ቅጠል ተሻግሮ የሞተው በስንዴ ነው። የእርዳታ ጆንያ ሲወርድ አንዱ ከመኪናው ተንሸራቶ ጭንቅላቱን መታው። ከእርዳታው ጋር የመጣው ዶክተር አየውና «አንጎሉ አብጧል፤ የራስ ቅሉ ደግሞ አይሰፋለትም» አለ። በደም ሥር የሚገባ ሁለት መድኃኒት ለበላይ ሰጠው፤ ትንሽ ወፍራም የጨው ውሃና አንድ ጠርሙስ ማኒቶል። «ሁለቱም እብጠቱን ይቀንሳሉ። ማኒቶሉ ብዙ ያሸናል፤ የደም ግፊቱ ስለወረደ ጨዉ ይቅደም፣ ሲያገግም ማኒቶሉ ይከተል» ብሎ ወደ ከላላ ሄደ።

ጨዉ እንደገባለት አድማሴ ዓይኑን ገለጠ። «ክንፈ፣ በሬዎቹ ውሃ ጠጡ?» አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም።

ሲነጋ በላይ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። ውስጡ ነጭ ፍሬ ቋጥሯል። «ተበላሽቷል» ብሎ ጣለው። አድማሴ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

ትናንት ዶክተሩ ከከላላ ሲመለስ ክንፈ ጠርሙሱን ከቆሻሻው አንሥቶ አሳየው። «ብርድ ነው እንዲህ ያረገው» አለ ዶክተሩ። «ሙቅ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ይሟሟል። ለድሬሰሩ ልነግረው ስጀምር ‹አውቃለሁ› አለኝ።»

በላይ ገባ። ነፍስ ይማር ብሎ ተቀመጠ፣ ባርኔጣውንም አወለቀ። መላጣ ነው። ክንፈ የሚመታበትን ቦታ መረጠ።

«ጨውና ማኒቶል ሲወዳደሩ» አለ በላይ ሳይጠየቅ፣ «ጨው ቶሎ ያነቃል፣ ግን ትንሽ ነበረ። ተስፋችን ማኒቶሉ ነበር። ምን ይደረግ፣ ፈረንጅ የተበላሸውን ይልክልናል።»

የሟቹ እናት እማማ ብዙዬ ቀና አሉ። «ሐኪም፣ ደኅና ቢሆን ኖሮ ልጄ ይተርፍልኝ ነበር?»

«ደኅና ቢሆን ኖሮማ፣ እማማ፣ ይተርፍ ነበር።»

ክንፈ ብድግ አለ። ቀኝ እጁ ችካሉን ጨበጠ። ግራው ግን ከብብቱ ጠርሙሱን አወጣና ለእጅ መታጠቢያ በቀረበው የሙቅ ውሃ ሳፋ ውስጥ አጋደመው። ከዚያም ጠበቀ። ነጩ ፍሬ ሳሳ፣ ሟሟ፣ ጠርሙሱ እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ።

ክንፈ ጠርሙሱን በጋቢው አደራረቀና ባርኔጣው አጠገብ፣ በበላይ ጭን ላይ አስቀመጠው።

«ሐኪም፣ እናቴ የጠየቁዎትን እስቲ ደግመው ይመልሱላቸው።»

እማማ ብዙዬ ዓይናቸውን ከጠርሙሱ ላይ አልነቀሉም።

ክንፈ ወጥቶ ችካሉን ከቦታው መልሶ በድንጋይ መታ፤ ከሚያስፈልገው በላይ መታው። የድንኳኑንም ገመድ አድማሴ በሬ በሚያስርበት ቋጠሮ አሰረው።

«አንተ ነህ እንዴ?» አሉ አቶ ላቀው ከኋላው። «ለምን ወሰድከው? ምን ልታረግበት?»

ክንፈ ቋጠሮውን አጠበቀ።

«አልናገርም» አለ።