የብርነሽ መርዶ

ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በፈላና በር አጠገብ በምንኖርበት ሠፈር መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሟቹ የትም ይሙት፣ ከሞተም ሳምንት ይሁነው፣ ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ሐዘንተኛው ደጅ ላይ ይሰበሰባል። ወሬውን የሚያወጣው ታላቅ ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን እንዲሁ ዘርግፎ አይናገርም። በእኛ ሠፈር ይህ ሥራ የእትዬ በለጡ ነበር። እሳቸው ዳር ዳሩን ዞረው ዞረው እስኪደርሱበት ድረስ ሰውዬው አስቀድሞ ገብቶት ማልቀስ ይጀምራል።

የጎረቤታችን የብርነሽ እናት አሰበ ተፈሪ ከተማ ሞተው እዚያው ተቀብረው ነበር። ወሬው የደረሰው ለባሏ ለእንደሻው ነው። እሱ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ አለ እንኳን የማይባል ዝምተኛ። ወደ ማታ እትዬ በለጡ ቤት ተሰብስበን ስንመክር ያስጨነቀን ግን ልቅሶው አልነበረም። ያስጨነቀችን የብርነሽና የእንደሻው ልጅ ሰገነት ናት።

ሰገነት ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነው። አትናገርም፣ የሰው ዓይን አታይም፣ ስሟን ቢጠሯት ዞር አትልም። አንድ በርጩማ ከቦታው ከተነሣ ቀኑን ሙሉ ታለቅሳለች። በር ተከፍቶ ካገኘች ገደል ነው ጉድጓድ ነው ሳትል ሮጣ ትጠፋለች። ድምፅ ከበረታ ደግሞ ጆሮዋን ይዛ ራሷን ከግድግዳ ጋር ታጋጫለች። ዛሬ ይህ ነገር ስም አለው ይባላል። ያን ጊዜ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም፤ ምክንያቱንና መድኃኒቱን ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር። አንዱ ቡዳ በልቷት ነው ይላል፣ ሌላው እናቷ ስታረግዝ ደንግጣ ነው ይላል፣ ጠበሉም ተሞከረ። ብርነሽ ሁሉንም ሰምታ ልጇን ይዛ ቤቷ ትገባለች። ከገባች ደግሞ አትወጣም፤ ለማኅበር የለች፣ ለልቅሶ የለች። እኛም ኮርታለች እያልን እናማታለን። እትዬ በለጡማ አንድ ቀን ፊት ለፊቷ፣ እንደ ምርቃት አድርገው፣ እግዜር ይቺን ልጅ በጊዜ አሳርፎ አንቺንም ያሳርፍሽ ብለዋት ነበር። ብርነሽ አሜን አላለችም።

እንግዲህ መርዶ ያለ ጩኸት አይሆንም፣ ልጅቷ ደግሞ ጩኸት አትችልም። እትዬ በለጡ ፈረዱ። ብርነሽ ማለዳ እሳት ልታነድ ጓሮ ስትወጣ እንደሻው ልጅቷን እንደተኛች በጋቢ ጠቅልሎ እዚህች ቤት ያስተኛት፣ እኛ ከዚያ በኋላ እንግባ አሉ፣ ወደ እኔ እየጠቆሙ። ብልሃቱን ሁላችንም ወደድነው። ምን ዓይነት ብልሃት እንደሆነ ያየነው ሲነጋ ነው።

ብርነሽ ከጓሮ ስትመለስ አልጋው ባዶ ነው፣ ባሏ የለም፣ ደጇ ላይ ሠፈሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። እናት ይህን አይታ ምን ታስብ? እትዬ በለጡ ግን እንደ ልማዳቸው ጀመሩ፤ የሰው ልጅ እንግዳ ነው፣ የሰጠም እግዜር የነሣም እግዜር ነው እያሉ ዳር ዳሩን ያዙ።

«የት ወደቀች?» አለች ብርነሽ።

እትዬ በለጡ አልገባቸውም። የጀመሩትን ሳይጨርሱ ማቆም አይሆንላቸውምና መቼም ከሞት የሚቀር የለም ብለው ቀጠሉ። ብርነሽ መሬት ላይ ተደፋች። እግራቸውን ይዛ ሳትቀብሯት አንድ ጊዜ ብቻ አሳዩኝ አለች። ይሄኔ ነገሩ ገባኝ። ታላቅ ቆሞ ታናሽ መርዶ አያወጣም፤ እንዴት ችዬ ዝም ልበል ታዲያ?

«እናትሽ ናቸው የሞቱት» አልኳት። «ሰገነት እኔ ቤት ተኝታለች።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«ተመስገን» አለች። «ተመስገን አምላኬ።»

እናቱ ሞታ ተመስገን ያለ ሰው በሠፈራችን ታይቶ አያውቅም። የተቆጣት ግን የለም። እትዬ በለጡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ያ ምርቃታቸው ትዝ ብሏቸው እንደሆነ አላውቅም፤ እኔን ግን ትዝ ብሎኝ አፍሬላቸዋለሁ።

ወዲያው እንደሻው ልጅቷን ታቅፎ መጣ። ሰው ቤት ስትነቃ ደንግጣ እጁን ነክሳዋለች። ብርነሽ የእናቷ ሞት የገባት ይሄኔ ነው። እማዬ ብላ ልትጮህ አፏን ስትከፍት ልጅቷ ጆሮዋን ያዘች። ብርነሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል እንጂ ድምፅ አይወጣትም። ብዙ ልቅሶ ደርሻለሁ፤ እንደዚያ አንጀቴን የበላኝ ግን የለም።

እትዬ በለጡ ሄደው አጠገቧ ተንበረከኩ። ደግሞ ሊመክሯት ነው ብዬ ተናድጄ ነበር።

«ልጅቷን እንዴት አድርጌ ልያዛት? አስተምሪኝ» አሏት።

በዚያ ሁሉ ዓመት ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ብርነሽ ነጠላውን ከአፏ አወጣች። እጇን እንዳይዟት፣ እንዳይጠሯትም፣ በግንቡ ጥግ ጥግ ብቻ ቀድመዋት እንዲሄዱ በሹክሹክታ ነገረቻቸው፤ ልጅቷ ድንጋዩን በመዳፏ እየዳበሰች ራሷ ትከተላለች አለች።

እንዳለችውም ሆነ። ሰገነትን ይዞ መውጣት በኋላ የሠፈሩ ሴቶች ተራ ሆነ፤ ሐዘኑ ካበቃ ከስንት ዓመት በኋላም ማክሰኞ የእኔ ነበር። የዚያን ቀን ግን እትዬ በለጡ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን፣ ልጅቷን መሐል አድርገን ከበሩ ወጣንና የጀጎልን ግንብ ይዘን ሄድን። ጥቂት ራቅ እንዳልን የብርነሽ ጩኸት ተሰማን። እናቷን እየጠራች ነበር፤ ያልወጣላት ሁሉ የወጣላት ያኔ ነው። ሰገነት ድንጋይ ድንጋዩን እየዳበሰች ትሄዳለች። ሐዘንተኛ ትቶ መራቅ ነውር ነውና እንመለስ አልኳቸው።

«ገና አልቅሳ አልጨረሰችም» አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።