በፕላስተር ላይ የተጻፈ ቁጥር

ታብሌቱ የወደቀው ማክሰኞ በምሳ ሰዓት፣ ከመኝታ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነው። በር ሲንኳኳ ደንግጬ ተነሳሁ፤ ክንዴ ነካውና ሲሚንቶው ላይ በፊቱ ተደፋ። ያንኳኳው የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ነበር። ሸኝቼው ተመልሼ ሳነሳው ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል፤ ውስጡ ጠቁሯል። ግን ጨርሶ አልጠፋም። ትንሽ ቆይቶ መልእክት ገባና ድምፅ አሰማ። የሚሰማ ግን የማይታይ ነገር ሆነ።

ልጄ ታቢታ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ ነበር። በሁለት ጣቷ ጫፉን ይዛ አገላበጠችው።

«እማ፣ ይሄ እኮ ዕድሜውን ጨርሷል። ስምንት ዓመት! ማን ይጠግነዋል?»

«ይሠራል።»

«ይሠራ ነበር በይ። ቆይ፣ ለጋሼ ሮቢ ልደውልለት።»

ሮቢ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው፤ አዲስ አበባ የስልክና የኮምፒውተር ሱቅ አለው። ተይ ሳልላት ደወለች፤ ድምፁንም ከፍ አደረገችው።

«ሩትዬ፣ እሁድ እመጣ የለ? አዲስ ይዤልሽ እመጣለሁ» አለ ሮቢ። «አሮጌውን እኔ እወስደዋለሁ፤ ለመለዋወጫ ይሆናል። ውስጡ ያለውን የሱቁ ልጆች ወደ አዲሱ ይገለብጡልሻል። አታስቢ፣ አንድም ነገር አይጠፋም።»

ደግ ሰው ነው። አመሰገንኩት። ስልኩ ሲዘጋ ግን ታብሌቱን ከታቢታ እጅ ተቀበልኩ።

ታብሌቱ የባሌ የኩማ ነበር። ኩማ የዓሣ ባለሙያ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሀዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል ወርዶ ጀልባዎቹ ያመጡትን ዓሣ ርዝመትና ክብደት ይመዘግብበት ነበር። ወደ ጌታ ከሄደ አራት ዓመት ሆነው። ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ሰው ሁሉ «ጠንካራ ሴት ነሽ» አለኝ። ቢሮ ተመለስኩ። ሪፖርቴን በጊዜው አስረክባለሁ፤ ጸሎት ቤትም ድሮ የምቀመጥበት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ሳለቅስ ያየኝ ሰው የለም፤ እንዲያየኝም አልፈለግሁም። ግን አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የእሱን ማስታወሻ ከፍቼ፣ ከመጨረሻው የዓሣ መዝገብ ሥር፣ «ኩማ፣ ዛሬ መብራት ጠፍቶ ነው የዋለው» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱም ጻፍኩ። እንዲህ እያልኩ አራት ዓመት ሞላኝ። የምጽፈው ትልቅ ነገር አይደለም። የውሃው ሮቶ እየሞላ ይፈስሳል፤ አንተ ይቀየር ብትልም እኔ አልቀይረውም፣ ታቢታ ፋርማሲ ደረሳት፣ የጎረቤት ውሻ ስድስት ወለደች። አንዳንዴ ደግሞ ሌላ ነገር እጽፋለሁ። እሱን እዚህ አልደግመውም።

ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሮቢ ከወሰደው የሱቁ ልጆች ሲገለብጡ ያዩታል፤ ከዚያ እሱ፣ ከዚያ ታቢታ። አጥፍቼ ልስጠው እንዳልል፣ የማይታይ ስክሪን ላይ ምን ይጠፋል? ደግሞም ማጥፋት አልፈልግም። ስለዚህ ከእሁድ በፊት መጠገን ነበረበት፤ የሚጠግነውም ሰው ሳያየው።

ረቡዕ ከቢሮ አስፈቅጄ መናኸሪያ አጠገብ ኑሪ የሚባል ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ሱቁ ከአንድ አልጋ አይሰፋም። ከጀርባው ግድግዳው ላይ ስልኮችና ታብሌቶች በላስቲክ ከረጢት ተንጠልጥለዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎ የባለቤቱ ስም፣ ስልክና የመክፈቻ ቁጥር በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ከመንገድ ቆሞ ማንም ያነበዋል።

ኑሪ ታብሌቱን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቀነቀው፤ ቻርጀር ሰክቶ ድምፁን አዳመጠ።

«ሕይወት አለው» አለ። «የሞተው ስክሪኑ ብቻ ነው። ግን የዚህ ዓይነት እዚህ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስልኬ አርብ ይደርሳል። እውነቱን ልንገርዎት? ትንሽ ቢጨምሩበት ሌላ ይገዛሉ።»

«ይጠገንልኝ።»

«እሺ። ስም?»

«ሩታ።»

ከፕላስተሩ ጥቅል በጥርሱ ቀደደ። «የመክፈቻ ቁጥር?»

«እሱ ለምን ያስፈልጋል?»

«ከገጠምኩት በኋላ ልሞክረዋ። እዚህ ጋ ይነካል፣ እዚያ ጋ አይነካም ብለው ቢመለሱብኝስ?»

«ስታበቃ ደውልልኝ፤ እኔው መጥቼ እከፍተዋለሁ።»

ደጃፉ ላይ በርጩማ ይዞ ስልኩን የሚጠብቅ ሰኢድ የሚሉት ነጋዴ ሳቀ። «እህቴ፣ ምን ያስፈራሻል? የእኔም ያውልሽ ተለጥፏል። የሀዋሳ ሰው ምስጢር ሁሉ እኮ እዚህ ግድግዳ ላይ ነው የተንጠለጠለው!»

«የአንተማ አራት ዜሮ ነው» አለው ኑሪ። «እሱን ለማወቅ ፕላስተርም አያስፈልግም።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ታብሌቱን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ። «ላስብበት» ብዬ ወጣሁ።

ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ጥቂት እንደሄድን ቦርሳዬ ውስጥ ድምፅ አሰማ። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ፣ «ስልክዎ እየጠራ ነው» አለኝ። ስልኬ አልነበረም። ሐሙስ፣ አርብ፣ ቅዳሜ ብዬ ቀኖቹን አሰብኩ። ስክሪኑ ዛሬ ካልታዘዘ እሁድ ሮቢ ይደርሳል፤ እምቢ የምልበት ምክንያት የለኝም። ሮቢ የሟች ወንድም ነው። ኑሪ ግን አያውቀኝም። ማየቱ ካልቀረ የማያውቀኝ ይየው።

«መልሰኝ» አልኩት ሹፌሩን።

ቁጥሩን ለኑሪ የነገርኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። እሱም ሳይስቅ ጻፈው። ሊሰቅለው ሲል፣ «ፕላስተሩን ወደ ግድግዳው አዙረው» አልኩት። አዞረው።

ሐሙስና አርብ እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። ቢሮ አንድ ሰንጠረዥ ሦስት ጊዜ ደምሬ ሦስት የተለያየ ድምር አገኘሁ። ታቢታ ራት ላይ፣ «እማ፣ አሞሻል?» አለችኝ። «ደክሞኝ ነው» አልኳት። ይህንንም መልስ አራት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ኑሪ ደወለ። ስደርስ ታብሌቱን በጨርቅ እየወለወለ ነበር። ከፈትኩት። ኩማ ያነሳው የድሮ ፎቶ መጣ፤ ማስመሪያ አጠገብ የተጋደመ ቆሮሶ ዓሣ። ማስታወሻውን ነካሁት። ሁሉም አለ። ወደ ታች ወረድኩ፤ ማክሰኞ የጻፍኩት የመጨረሻው ቃልም አለ። ከእሱ ሥር ግን የእኔ ያልሆነ መስመር ነበር።

«ሀ ለ ሐ መ ሰላም ሰላም ኑሪ ኑሪ 123»

መስመሩን በጣቴ አሳየሁት። «ይሄ ምንድን ነው?»

አንገቱን አስግጎ አየ። «ውይ! ልሰርዘው ረሳሁ። ፊደሉ በትክክል ይመታ እንደሆነ ስሞክር ነው። ሁሌ ማስታወሻ ላይ ነው የምሞክረው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አነበብከው?»

ዓይኑን አላሸሸም። «ከፊቴ የነበሩትን ሁለት መስመሮች። ስለ ሮቶው ያሉትን። ወደ ላይ አልሄድኩም።» ከዚያ ደግሞ፣ ነገሩን ለማቅለል ነው መሰለኝ፣ «እንዲያውም ለባለቤትዎ ይንገሯቸው፤ ሮቶ መቀየር አያስፈልግም። ውሃ ሲሞላ የሚዘጋው ኳስ የለም? እሱ ጋ ትንሽ ጎማ አለች፤ እሷ አርጅታ ነው። እኛም ቤት እንዲሁ ሆኖ ነበር። ባለቤትዎ መስክ ናቸው እንዴ?»

«አዎ» ብል ኖሮ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። በአንድ ቃል መዝጋት እችልበታለሁ።

«አይደለም» አልኩ። «ሞቷል። አራት ዓመቱ ነው።»

ኑሪ የያዘውን ካቻቢቴ አስቀመጠ። ከመናኸሪያው የረዳቶቹ ጥሪ ይሰማል፤ ሻሸመኔ፣ ሻሸመኔ።

«አላህ ይዘንላቸው» አለ። ከዚያ ወደ ታብሌቱ እያየ፣ «እናቴ የአባቴን ሲም ዛሬም ካርድ ታስሞላለች። ቁጥሩ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥባት። የምሞላው እኔ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነን። አንዳንዴም ትደውልለታለች።»

«ስልኩ የት ነው ያለው?»

«ኮመዲኖዋ ውስጥ። እዚያው አጠገቧ ይጮኻል። ‹ተውት፣ ድሮም ስደውል አያነሳም ነበር› ትላለች።»

ሳላስበው ሳቅሁ። በአደባባይ፣ ድምፅ አውጥቼ። ስስቅ ዓይኔ ሞላ፤ መሀረብ ስፈልግ ኑሪ የስክሪን መወልወያውን ጨርቅ ሊሰጠኝ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። «ይሄ እንኳን አልኮል አለበት» አለ። እንደገና ሳቅሁ። ማንም ምንም አልሆነም። የመንገዱ ሰው ያልፋል፤ ባጃጆቹ ይጮኻሉ።

ፕላስተሩን ከታብሌቱ ጀርባ ልጦ ሰጠኝ። «ቁጥሩን ራስዎ ይጣሉት።»

እሁድ ከጸሎት በኋላ ሮቢ አዲሱን ታብሌት በካርቶኑ ይዞ ገባ። ምሳ በልተን እንዳበቃን እጁን ወደ አሮጌው ዘረጋ።

«ወይ ጉድ፣ አሠራሽው? ለምን ትደክሚያለሽ? በይ ስጪኝ።»

«አልሰጥህም፣ ሮቢ። አዲሱን ታቢታ ትያዘው፤ ለትምህርቷ ይሆናታል። ይሄን እኔ እይዘዋለሁ።»

«ምን አለበት?»

ትናንት ኑሪ ፊት አንዴ አውጥቼው ስለነበር ሁለተኛው እንደፈራሁት አልከበደኝም። «ለኩማ የምጽፈው አለበት። ከሞተ ጀምሮ እጽፍለታለሁ።»

ሮቢ እጁን ሰበሰበ። ታቢታ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ከፊቴ ላይ ምን እንዳዩ አላውቅም፤ ግን አልሸፈንኩትም።

«ስለ እኔም ጽፈሻል?» አለ ሮቢ። ድምፁ ጎርንኗል።

«ብዙ ጊዜ።»

«መኪናውን ስላጋጨሁበት?»

«ስለ መኪናው በተለይ።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ሳቀ። ትከሻው ግን ሳቁ ካበቃም በኋላ ትንሽ ቆይቶ ነው ያረፈው።

«በምሳ ሰዓት በሩን የምትዘጊው ለዚህ ነበር?» አለች ታቢታ።

«ለዚህ ነው።»

«እኔ እኮ የምትተኚ መስሎኝ፣ እረፍት በመጣሁ ቁጥር ጫማዬን አውልቄ ነው የምሄደው!»

ሳህኑን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። ላንብብ አላለችም፤ እኔም አንብቢ አላልኳትም። ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ሮቢ ዓይኑን ጠራርጎ፣ «ይሄ ሮቶ ሁሌ እንዲህ ይፈስሳል እንዴ?» ብሎ ተነሳ። የኑሪን ነገርኩት። ከጎረቤት መሰላል ተውሶ ወጣ፤ ከላይ ሆኖ የተሰነጠቀች፣ ጥፍር የምታህል ጥቁር ጎማ ወረወረልኝ። ለጊዜው ከአሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቆርጦ አስገባለት። መፍሰሱ ቆመ። ግቢው ጸጥ ሲል ነው ለካ ምን ያህል ይጮህ እንደነበር የገባኝ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ማስታወሻውን ከፈትኩ። በሩን አልዘጋሁትም፤ ታቢታ ጫማዋን አድርጋ ወዲያ ወዲህ ትላለች። የኑሪን መስመር ልሰርዘው አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ከሥሩ ጻፍኩ።

«ኩማ፣ ሮቶው ጎማው ብቻ ነበር። ሮቢ ጠገነው። አየኸው አይደል፣ መቀየር አያስፈልግም ብዬህ ነበር።»