ከምድጃው በላይ የተሰቀለው መብራት

ይርገዱ የልጇን መብራት ከምድጃው በላይ ስትሰቅለው ብልህ የሆነች መስሏት ነበር። ለዘር የተመረጠ በቆሎ የሚቀመጠው እንደዚያ ነው፤ ጭስ የጠገበን ዘር ነቀዝ አይደፍረው፣ አይጥ አይቀርበው። ታዲያ በቤት ውስጥ ከዘር በላይ ምን ይጠበቃል?

በጥምቀት ታቦቱ የሚያድርበት ድንኳን ላይ የሚንጠለጠለውን ባለቀለም መብራት ደሴ ድረስ ሄዶ ያመጣው ልጇ ወንድማገኘሁ ነበር። በዓሉ ሲያልፍ ሽቦውን ሳያጠብቅ በእንጨት ላይ ይጠመጥምና ቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጥ ያኖረው ነበር። ባለፈው ሰኔ የወግዲ መንገድ ከነመኪናው ወሰደው። እናቱ ልብሱን ከየግድግዳው ለቅማ ሳጥኑን ሞላችው፤ ቦታ ሲጠባት መብራቱን አውጥታ ቆለፈች። በአርባው የንስሐ አባቷ «ልብሱን ለቆሎ ተማሪዎቹ ስጪለት» ቢሏት «እሺ አባቴ» አለች። እሺታዋ ግን ከአፏ አላለፈም። ቁልፉን ከማተቧ ጋር አሰረችው።

ከተራ ሲቃረብ ሰብሌ መጣች፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ከወንድማገኘሁ ጋር ያደገች፣ መብራቱንም አብራው ስትሰቅል የኖረች ልጅ ናት። ይርገዱ ጥላሸት የለበሰውን መብራት በሁለት እጇ አወረደችላት። ሰብሌ ልትፈታው ስትጀምር የምድጃው ሙቀት ያደረቀው የሽቦው ልባስ ቀጭ እያለ ተሰበረ፤ መዳቡ ገጥጦ ወጣ።

«ይሄስ አይሆንም፣ እማማ።»

«ለአንድ ሌሊት ብቻ፣ ልጄ። አንዴ ይብራለትና ከዚያ ይጣል።»

«ሰው ይይዛል። ድንኳኑንም ያቃጥላል።»

ካያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ እሷ ግን አያያዙን አጥብቃ ነው ያጠፋችው። መደቡ ላይ ዘፍ አለች። የቀብሩ ዕለት እንኳ እንዲህ አልከበዳትም።

«ጠበቅሁት ስል በእጄ አቃጠልሁት» አለች።

«አብሽሩ፣ እማማ» አለች ሰብሌ አቅፋት። «እኛ ሌላ እናመጣለን።»

በከተራ ማታ ድንኳኑ በአዲስ መብራት አሸበረቀ። ይርገዱ ከሴቶቹ መካከል ቆማ አየችው። ያምራል። ማማሩ አመማት።

በዓሉ አልፎ ታቦቱ ከገባ በኋላ ሰብሌ አዲሱን መብራት በወንድማገኘሁ እንጨት ላይ ጠምጥማ መጣች። ያን ቀን እንጨቱን ከተበላሸው ሽቦ ለይታ ወስዳው ኖሯል።

«እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ ብለናል።»

«እኔ ዘንድ? አጥፊዋ ዘንድ?»

«እሱ የት ያኖረው እንደነበር የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

ይርገዱ ቤቱን በዓይኗ ዞረችው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ጭስ የማያገኘው፣ አይጥ የማይገባበት ቦታ አንድ ብቻ ነው ያለው። ሰብሌም ይህን ሳታውቅ አልመጣችም።

ቁልፉን ከአንገቷ ፈታች። ክዳኑ ሲነሳ ከላይ ያለው ሸሚዝ አሁንም እሱን እሱን ይሸታል። ፊቷን ቀብራበት አለቀሰች፤ ሰብሌም አላባበለቻትም። ከዚያ ይርገዱ ነጠላዋን መሬት ላይ ዘርግታ ልብሱን አንድ በአንድ ታወጣ ጀመር፤ ሸሚዙን፣ ሹራቡን፣ በስተመጨረሻም ለበዓል ብቻ የሚለብሰውን ጃኬት። ባዶ በቀረው ሳጥን ውስጥ መብራቱን ላላ አድርጋ አስተኛችው።

ነጠላውን ቋጥራ ሰብሌን አሸከመቻት።

«ለቆሎ ተማሪዎቹ ነው፤ ብርዱ ጠንቷል። አሁኑኑ አድርሺላቸው» አለቻት፤ «ካደረ እጄ አይለቅም።»