ከጭስ ማውጫ የወጣው ጫማ

ኢድና ትሪንደር ማክሰኞ ጠዋት የሙዚየሙን በር ከፍታ ስትገባ ቀድማ የምታየው የሕፃኑን ጫማ ነበር። የግራ እግር ነው፤ ቆዳው እንደ ቋንጣ የደረቀ፣ ጫፉ ተበልቶ ያለቀ። ባለፈው ሳምንት ወደ በሩ እንዲያይ አድርጋ በእጇ አስቀምጣው ነበር። ዛሬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።

ጎንበስ ብላ በመስታወት ሳጥኑ አሻግራ አየች። ከሥሩ በተነጠፈው ነጭ ጨርቅ ላይ ጥላሸት አለ፤ ሳጥኑም ሳይቆለፍ ቀርቷል።

“እንግዲህ አይጥ በቁልፍ አይከፍትም” አለች ለራሷ።

የሄዝልፎርድ ሙዚየም የከተማው ሰው ከየጓዳው ያመጣው ዕቃ የተከማቸበት ሁለት ክፍል ነው። የዳንቴል መሥሪያ እንጨቶች፣ የተሰነጠቀ የትምህርት ቤት ደወል፣ የቅቤ መናጫ፣ የእግር ኳስ ቡድን ፎቶግራፎች አሉበት። ከፎቶዎቹ በአንዱ የኢድና ባል ሊዮናርድ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ገና ፀጉር በነበረው ዘመን ኳስ ታቅፎ ይስቃል። ሙዚየሙን የሚጠብቁት ጡረተኞች ናቸው፤ ለጽድቅ፣ በየተራ። ማክሰኞ የኢድና ነው፣ ሐሙስ የጓደኛዋ የማቪስ። ቅዳሜ ደግሞ በዓመቱ መጀመሪያ ከለንደን መጥቶ የድሮውን የዳቦ ጋጋሪ ቤት የገዛው የጊልበርት ፓስክ ነው።

ጫማውም የተገኘው ከዚያው ቤት ነው። የጥንት ሰዎች ቤት ሲሠሩ ልጅ አድርጎ የጨረሰውን ጫማ በጭስ ማውጫው ግንብ ውስጥ ይሸሽጉ ነበር፤ ክፉ መንፈስ በዚያ ሲወርድ ጫማው ውስጥ ገብቶ ተይዞ እንዲቀር። ጫማው የቤቱ ነው፤ ያወጣው ሰው አይቀናውም ይባላል። ፓስክ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ያወጣው ግንበኛው ኔቪል ነበር፣ በሳምንቱም ከመሰላል ወደቀ። ኢድና ይህን ለጎብኚ ስትተርክ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ከዓመት ዓመትም የኔቪል ጉዳት ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ወገብ ሽቅብ ወጥቷል።

“ፓስክ ነዋ! ሌላ ማን ይሆናል?” አለች ማቪስ፣ ብስኩቷን ሻይ ውስጥ እየነከረች።

“ሳናጣራ የሰው ስም አናጥፋ።”

“ስም ማጥፋት አይደለም፣ ማሰብ ነው። ሰውየው ያየውን ሁሉ ፎቶ ያነሳል። ደግሞ ለንደን ሳለ ምን ይሠራ ነበር?”

“መነጽር ሠሪ ነበር አሉ።”

“አሉ! ይኸው፣ አሉ ነው። እኔ ልንገርሽ ኢድናዬ፣ ወስዶ አምሳያውን እያሠራ ነው። አንድ ቀን የውሸቱን ያስቀምጥልንና እውነተኛውን ይሸጠዋል። ያን ጊዜ ማቪስ ብላ ነበር ትያለሽ።”

“ያለቀ የልጅ ጫማ ማን ይገዛል?”

“አሜሪካኖች።”

ኢድና አልሳቀችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ነገሩን ትንቀው ነበር። አሁን ግን ከአውራጃው ቤተ መዘክር ሚስ ሃዶው የምትባል ሴት ልትመጣ ነው። አንድ ዕቃ እንኳ ቢጎድል፣ ስብስቡ ሁሉ በሳጥን ታሽጎ ወደ አውራጃው መጋዘን ይጫናል ተብሏል። እዚያ የሊዮናርድን ፎቶ አይቶ “ይሄ ሊዮናርድ ነው” የሚል ሰው የለም።

የመስታወቱ ሳጥን ቁልፍ ኩሽና ውስጥ፣ ከብስኩቱ ቆርቆሮ ጀርባ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ምስጢር ነው፤ ከተማው በሙሉ የሚያውቀው ምስጢር። ፓስክን ጠርቶ መጠየቅስ? ሄዝልፎርድ ውስጥ ሰውን ፊት ለፊት መጠየቅ ከሌብነት ያላነሰ ነውር ነው። ስለዚህ ኢድና በደህና እጅ ጽሑፏ አንድ ማስታወቂያ ጽፋ ከምስማሩ በላይ ለጠፈች፦ “የመስታወቱን ሳጥን የሚከፍቱ ወዳጆቻችን መልሰው በመቆለፍ ቢተባበሩን ከልብ እናመሰግናለን።”

ማቪስ አንብባ አፏን ያዘች። “ጉድ! አሁንማ አፍሮ ይሞታል።”

አልሞተም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ጥላሸቱ ጨምሮ ነበር። ሳጥኑ ግን ጥርቅም ብሎ ተቆልፏል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ የጠረጠረም ቢሆን ዕረፍት የለውም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሰላምታ ሲሰጣጡ ፓስክ እጁን ዘረጋላት። “የጌታ ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን” አላት። እሷም “ከእርስዎም ጋር” አለች፤ ዓይኗ ግን ጥፍሮቹ ሥር ጥላሸት ይፈልግ ነበር። ቄሱ ወደ ቁርባኑ ሲጠሩ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም።

ሚስ ሃዶው ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ማክሰኞ፣ ሳጥኑ ባዶ ነበር። ኢድና ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ተመልሳ ወጣች።

በሩን የከፈተው ራሱ ፓስክ ነው። ሽርጥ ታጥቋል፣ እጁ ላይ የድንች ልጣጭ አለ።

“ሚስስ ትሪንደር! ይግቡ እንጂ። ሻይ ልጣድ?”

ኢድና መንገዱን ሙሉ ያጠናችው ንግግር ነበራት። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው፣ “ዛሬ ደህና ብራ ነው” የሚል ነበር።

“አዎ፣ ትናንት ነበር ነፋሱ።”

“ነበር” አለች። ትንፋሿን ሰበሰበች። “ሚስተር ፓስክ፣ ጫማው የለም።”

“እዚህ ነው” አላት ያለ አንዳች ድንጋጤ። “ቆልፌያለሁ እኮ! ማስታወቂያዎን ካየሁ ወዲህ ሳልቆልፍ የሄድኩበት ቀን የለም።”

“ማስታወቂያዬን?”

“እያወቁ፣ ሳያሳፍሩኝ ‘ብቻ ቆልፍ’ አሉኝ። እንዲህ ያለ ደግ ሰው አላየሁም ብዬ ለኦድሪ ነግሬያታለሁ። ለንደን ቢሆን ፖሊስ ይጠሩብኝ ነበር።”

ኢድና እግሯን በምንጣፉ ጠረገች። እሱም ድንቹን ትቶ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል አስገባት። አልጋ ከፎቅ ወርዶ እሳት ከማይነድበት ምድጃ አጠገብ ተዘርግቷል። ባለቤቱ ኦድሪ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ከስታለች፣ ራሷን በሻሽ አስራለች። ከምድጃው በላይ፣ ጡቡ በተነሳበት ቀዳዳ ውስጥ ጫማው አለ።

“ሌባዋ እኔ ነኝ” አለች ኦድሪ ፈገግ ብላ። “እሱን አይቆጡት።”

“ኧረ ማንም አልተቆጣም።”

“እዚህ እንደገባን ሰሞን ሙዚየሙን ልናይ መጥተን የኔቪልን ነገር አጫወቱን። በሳምንቱ ሐኪሙ የኔን ነገረኝ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ግን መብራት ሲጠፋ ያ ባዶ ቀዳዳ ያየኛል። ጫማው ሲኖር እተኛለሁ። ይኸው ነው። ጊልበርት ቅዳሜ ተራው ሲያልቅ ያመጣልኛል፣ ሰኞ ይመልሰዋል። ትናንት ስለባሰብኝ አልመልስም ብሎ ነው።”

ኢድና አንገቷን ደፋች። “ኔቪል እኮ ወገቡ አይደለም የተሰበረው። ቁርጭምጭሚቱ ነው የዞረው። በማግስቱ ሥራ ገብቷል።”

“አውቃለሁ። ጣሪያችንን የጠገነው እሱ አይደል? እዚያ ላይ ሆኖ ሲዘፍን ነው የዋለው” አለች ኦድሪ ስትስቅ። ከዚያ ሳቋ ደከመ። “ቢሆንም እተኛለሁ።”

“ነገ ሴትዮዋ ትመጣለች” አለ ፓስክ። “ይውሰዱት ሚስስ ትሪንደር። በቂ ደግነት አድርገውልናል።”

ኢድና እጇን ሰዳ ጫማውን አወጣችው። እንደ ደረቀ ቅጠል ቀላል ነው። ሊዮናርድ ታሽጎ በጨለማ መጋዘን ሲቀመጥ ታያት። ዞር ስትል ኦድሪ ቀዳዳውን ላለማየት ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳለች።

ኢድና በጫማ አታምንም። “ታምሜ ጠይቃችሁኛል” ያለውን ግን ታምናለች። እሷ ደግሞ የታመመ ሰው ቤት የመጣችው ሌባ ልትይዝ ነበር። ጫማውን መልሳ አገባችው፣ ጫፉንም ወደ አልጋው አዞረችው።

በማግስቱ ሚስ ሃዶው ነጭ ጓንቷን አጥልቃ ዕቃውን አንድ በአንድ አየች። ባዶው ሳጥን ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ውስጡ አንዲት ካርድ አለች፦ “ጫማው ለጊዜው ወደ ቤቱ ተመልሷል። ኢድና ትሪንደር።”

“ይህን ማን ፈቀደ?”

“እኔ።”

“ጣትዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?”

ኢድና እጇን አየች። በሳሙና ብትፈትገውም ጥፍሯ ሥር አልለቀቀም። “ጥላሸት ነው።”

ሚስ ሃዶው ኢድና ፓስክን ስታይበት በከረመችው ዓይን አየቻት። “ሸጠውት ከሆነ አሁኑኑ ቢነግሩኝ ይሻላል።”

ኩሽና ውስጥ የማቪስ ማንኪያ ከእጇ ወደቀ። ኢድና ፊቷ ቀላ፤ ከሄዝልፎርድ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምታ አታውቅም። ግን አልተቀየመችም፤ እንዲያውም ቀለላት። እንዲህ ቀድሞ ቢጠየቅ ስንቱ በቀረ!

“ይምጡ፣ ላሳይዎ” አለች። “ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ ነው።”

ፓስክ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አስገባቸው። ኦድሪ አፏን ከፈት አድርጋ፣ እንደ ልጅ ተኝታለች። ሚስ ሃዶው ከበሩ ሳታልፍ ቆማ ጫማውን አየች፣ የተኛችውን ሴት አየች። ወጥታ መንገድ ላይ ስትደርስ ወደ ኢድና ዞረች።

“እሳት አይነድበትም?”

“ጫማው ካለ አይነድም።”

“ዕቃው ሁሉ እዚሁ ይቆይ” አለች በመጨረሻ። “ጫማውን ግን እየመጣሁ አየዋለሁ፤ ሰው በቃሉ ብቻ አላምንም። ያንን ቁልፍም ከብስኩቱ ጀርባ ያንሱት። እኔ እንኳ ብስኩት ስፈልግ ነው ያገኘሁት።”

እሑድ ሰላምታ ሲሰጣጡ ፓስክ እጁን ዘረጋ። ኢድና ጥፍሩን ሳታይ በሁለት እጇ ያዘችው።

“ኦድሪ ሳምንቱን በሙሉ ተኛች” አላት በሹክሹክታ። “ቁልፉንም ስኳር ዕቃው ውስጥ አደረጋችሁት አሉ።”

“ማን ነገረዎት?”

ሁለቱም ዞር ብለው ማቪስን አዩ። ማቪስ የመዝሙር መጽሐፏን ገልብጣ ይዛ፣ አተኩራ ታነባለች።