የራስጌው ወጥመድ

አውቶቡስ ነጂው በደጉ ጊዜ «ክላክስ» ነበር የሚባለው። ድምፁ የመኪናውን ጥሩንባ ያስንቅ ስለነበር ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። አሁን ግን የደም ግፊት ጥሎት አልጋ ላይ እንደ እንጨት ደርቋል፤ ምላሱም ታስሯል። የቀሩለት ዓይኖቹ ብቻ ናቸው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ ይህን ያለ ሰው የክላክስን አፍ አላየም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን ከአልጋው ጋር ያጎራበተችው እየሰፋች እንድታየው ብላ ነው። መከራዋ ከመስኮታቸው ፊት ለፊት ያለው ሥጋ ቤት ሆነ። ባለሥጋ ቤቱን አጥንቱን እንዲከድን ስትለምነው «እሺ እናቴ» ይላታል፤ እሺታው ከአፉ አያልፍም። መስኮቱ ሲዘጋ የቆርቆሮው ሙቀት ሰውየውን ይቀቅለዋል፤ ሲከፈት ዝንቡ ይገባል። አጎበር ብትጥልበት ዓይኑ ተንከራተተ፤ ከፈን መስሎት እንደሆነ ገባትና ቶሎ ገፈፈችለት። ታዲያ ምን ታድርግ? እጆቿ ጨርቁን፣ እግሮቿ መርገጫውን ይዘዋል። ዝንቧ ከንፈሩ ላይ ተደላድላ እግሯን ስትፈትግ፣ እሱ ዓይኑን ወደ ሚስቱ ያንከባልላል። ሥራዋን ጥላ ትነሳለች፣ እሽ ትላለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች፤ ዝንቧም ትቀመጣለች።

ወጥመዱን ያስተማራት የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የዝንብ ጠንጋራ አውቃለሁ ባይ ሰው። ለአንድ ቀን እንኳ ዕውቀቱ ለዝንብ ዋለ።

«እትዬ፣ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አምጪ። ከትከሻው ላይ ቁረጪው። አሁን አንገቱን ገልብጠሽ፣ አፉን ወደ ታች አድርገሽ መልሰሽ ክተቺው፤ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጊ። ከሥሩ ስኳር በውሃ፣ የበሰበሰ ሙዝ፣ ትንሽ አቸቶ። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናም ጠብ አድርጊበት፣ ያሰምጣቸዋል። መግቢያውን በጠረኑ ያገኙታል፣ መውጫው ይጠፋቸዋል።»

«እንደ ትዳር በለኛ!» አለች። ባሏን ለማሳቅ ነበር። እሱ ግን ጣሪያውን ነበር የሚያየው።

መቁረጡና ማሸጉ ለእሷ እንጀራዋ ነው። ስህተቱ የመጣው ሲሰቀል ነው። ወንድምየው የት እንደሚሰቀል ሳይነግራት ወደ ሥራው ሄደ፤ እሷ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ መርፌ የምትሰካው ጨርቁ በሚሸሽበት ቦታ ላይ ነው። ዝንቡ የሚያስቸግረው ፊቱ ላይ ከሆነ ወጥመዱም መሆን ያለበት እዚያው ነው ብላ፣ ከራስጌው ሚስማር ላይ አንጠለጠለችውና ልብስ ልታጥብ ወደ ጓሮ ወጣች።

ስትመለስ የሰፈሩ ዝንብ ሁሉ ድግስ እንደተጠራ መጥቷል። ጥቂቱ ፕላስቲኩ ውስጥ ይዋኛል፤ የቀረው ክላክስ ፊት ላይ ሰፍሮ ተራውን ይጠብቃል። «ወይኔ ጉዴ!» ብላ እጇን ስታነሳ፣ ግራ ጉንጩ ተርገበገበ።

እጇ አየር ላይ ቀረ። ከወደቀ ጀምሮ ከዓይኑ በቀር አንድም ነገሩ ተንቀሳቅሶ አያውቅም ነበር። ደስታ ይሁን ድንጋጤ ባልለየ ድምፅ እየጮኸች ወንድምየውን ደውላ ጠራችው። ከነመፍቻው ሮጦ መጣ። ሁለቱም አልጋው ላይ አጎንብሰው ጠበቁ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም።

«እትዬ፣ ዝንብ ሲነሳ አይተሽ ይሆናል።»

«የመርፌ ቀዳዳ የሚያይ ዓይን ነው ያለኝ! ጉንጩ ነው የተንቀሳቀሰው።»

«እሺ ይሁን። ይሄንን ግን ማን ራስጌው ስቀይ አለሽ? ጠራሻቸው እኮ!»

ፕላስቲኩን ነቅሎ ከመስኮቱ ውጭ አሰረው። ሲወጣ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት፤ ለጤነኛ ሰው እንዲህ አይደረግም።

ወጥመዱ ውጭ ሆኖ ሥራውን ሠራ። ፕላስቲኩ ጠቆረ፣ ክፍሉ ጸዳ፣ የክላክስ ፊት እንደታጠበ ሳህን ንጹሕ ሆነ። ልትደሰት ይገባት ነበር፤ አልተደሰተችም። ጉንጩን በጣቷ ነካካችው፣ በክር ጫፍ ኮረኮረችው፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ ዳሰሰችው። ወይ ፍንክች! ዝንብ የቀሰቀሰውን እሷ መቀስቀስ አቃታት። ቅናት አንገበገባት፤ በዝንብ መቅናት!

በማግስቱ ከሰዓት መስኮቱን ብርግድ አድርጋ ከፈተች፤ ፕላስቲኩን አስገብታ መልሳ ራስጌው ላይ ሰቀለችው።

«ትንሽ ቻልልኝ» አለችው። «ለአንተው ብዬ ነው።»

ዓይኖቹ ከፕላስቲኩ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ፕላስቲኩ ተመላለሱ። ገብቶታል። እጆቿ እንዳያምፁባት ጭኖቿ ሥር ከተተቻቸውና ተቀመጠች።

መጡ። አንዷ አገጩ ላይ፣ ሌላዋ አፍንጫው ጫፍ ላይ። ግራ ጉንጩ ላይ ያረፈችውን በልቧ ለመነቻት፤ ሂጂ፣ ትንሽ ወደ ላይ፣ አዎ እዚያ ጋ። ጉንጩ ዝም አለ። ዝንቧ ወደ ዓይኑ ጥግ ወጣች። ጨፈነ፤ ተነሳች። ገለጠ፤ ተመልሳ አረፈች። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በጩኸቱ ያስበረግግ የነበረ ሰው፣ አሁን የሚከላከልበት ሽፋሽፍቱ ብቻ ነው። ደግሞ ጨፈነ። ሲገልጠው የሚያየው ሚስቱን ነበር፤ እንባው ከዓይኑ ጥግ ወርዶ ወደ ጆሮው ገባ።

«በቃ! በቃኝ፣ ይቅር በለኝ!» ብላ ዘላ ተነሳች። እሽ እያለች በሁለት እጇ አራገበች፤ ዝንቦቹ ተነሱ፣ ዞሩ፣ ተመልሰው አረፉ። በዚህ መሀል ግራ ጉንጩ ላይ አንድ ነገር ውል ያለ መሰላት። አጎንብሳ አፈጠጠች። የእሷም ዓይን እንባ ሞልቶት ነበርና ጉንጩ ይሁን ዝንብ መለየት አልቻለችም።