ኤ ብሏል ወይስ አላለም

ብሏል፣ ከሊትል በፊት አንዲት ኤ ብሏል፣ ሰምቻታለሁ፣ የለም አልሰማሁም፣ የሰማሁት የአልጋውን ጎማ ጩኸት ነው፣ አባባን እየገፉ ሲያልፉ ሐኪሙ ለጓደኛው በእንግሊዝኛ፣ ዜር ኢዝ፣ ከዚያ ጎማው ሲጥ፣ ከዚያ ሊትል ሆፕ። መሀል ላይ ኤ ካለች ጥቂት ተስፋ አለ ነው፣ ከሌለች ተስፋ የለም በይው፣ ቢኖርም ካለመኖር አይሻልም። አንዲት ፊደል። ለስንት ክፍል አስተማርኳት፣ በጠመኔ ከብቤ፣ ልጆች ልብ በሉ፣ ኤ ሊትል ያለ ሰው ደስ ብሎታል፣ ሊትል ያለ ከፍቶታል፣ እነሱ ያዛጋሉ፣ ቲቸር ያው ትንሽ አይደል እንዴ፣ አይደለም፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አይደለም።

እታለም ምን አለ፣ ይላል ወንድሜ፣ ከብየዳ ቤቱ በሥራ ልብሱ እንዳለ ነው የሮጠው፣ እጅጌው በብልጭታ ተበሳስቷል፣ ዓይኑ አፌ ላይ ነው። እንግሊዝኛ እቤታችን የኔ ድርሻ ነው፣ የመድኃኒት ወረቀት ሲመጣ ወደኔ ነው፣ አባባ አውቶብስ በሚነዳበት ዘመን ልጄ ፈረንጅ ሲሳሳት የምታርም ናት እያለ ተሳፋሪውን ሲያሰለች፣ ይኸው አራሚዋ፣ አንዲት ኤ ጠፍታባት ኮሪደር ላይ ተገትራለች።

ትንሽ ተስፋ አለ ብሏል፣ እላለሁ። አፌ ነው ያለው። ተስፋው ትንሽ ነው ማለትም እችል ነበር፣ ቃላቱ እነዚያው፣ ያስቀደምኩት ሌላ፣ ማን ምረጪ አለኝ። ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ በቃ፣ ትንሽም ካለ ይበቃዋል፣ አቦ ሽማግሌውን አታውቂውም እንዴ፣ ይልና ውሃ ሊገዛ ይወርዳል፣ ደረጃውን እየዘለለ፣ እንደዚያ ያስዘለልኩት እኔ ነኝ፣ ወይ ጉዴ።

ይህቺ ኤ ሥራዋ ምንድን ነው አለኝ አንዴ አባባ፣ ደብተር ሳርም አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ ረዳት በላት አባባ፣ እንዳንተ አውቶብስ ረዳት፣ ታዲያ ረዳት ቢቀርም መኪናው ይሄዳል እኮ፣ ይሄዳል፣ ግን ወዴት እንደሆነ ለተሳፋሪው ማን ይነግረዋል፣ ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ያኔ ነበር እንዴ የጀመረው፣ አይ፣ የጣለው ሳል አይደለም፣ ጭንቅላቱ ውስጥ የፈሰሰ ደም ነው፣ ምኑን ከምኑ።

ሐኪሙ ይወጣል። ጓንቱን እያወለቀ። ዶክተር ይቅርታ፣ ቅድም ለጓደኛዎ ሲናገሩ ኤ ሊትል ነው ያሉት ወይስ ሊትል፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው፣ ለየላት ይለኛል፣ አይልም፣ ቆም ብሎ ያስባል፣ ከልቡ ነው የሚያስበው፣ አላስታውስም እህቴ ይላል፣ በችኮላ ስንነጋገር እሱን ማን ልብ ይላል፣ ታዲያ ሊሉ የፈለጉት የትኛውን ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ልጅ እግር ነው ለካ። ባውቀው ኖሮ በራሳችን ቋንቋ እነግርዎት ነበር። እስኪ ይግቡ፣ አጠገቡ ይሁኑ።

አያውቅም። ኤ ብትኖርም ባትኖርም የሚያውቅ የለም፣ እሱ ካላወቀ እኔ ምን ይዤ ነው ወንድሜን ያስደሰትኩት፣ እገባለሁ። አባባ ዓይኑን ከድኗል፣ ደረቱ ከፍ ይላል፣ ይቆያል፣ ዝቅ ይላል፣ ብርድ ልብሱ ካንድ እግሩ ላይ ተንሸራቷል፣ ምን ልበለው፣ በየትኛው ቃል፣ ብርድ ልብሱን ልመልስ ጎንበስ ስል እጄ እግሩን ይነካል፣ ይሞቃል፣ እግሩ ይሞቃል።